«ተይ» ስላት ትስቃለች፤ የ17 ወር ልጅ እንዴት ትገሠጻለች?

ሰላም ለሁላችሁ። የመጀመሪያ ልጄ 17 ወር ሆኗታል። እስከዛሬ ተቆጥቻት አላውቅም። የሚያስቆጣ ነገርም አልነበራትም። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ግን አዲስ አመል አምጥታለች። አቅፌያት እየተጫወትን ሳለ ድንገት ፊቴን በጥፊ ትለኛለች። መነጽሬን መንጭቃ ትወረውራለች። የመጀመሪያውን ቀን ሳቅሁ። በሁለተኛው ቀን «ተይ» ስላት እሷ ሳቀች። በሦስተኛው ቀን ጣቷ ዓይኔ ውስጥ ገባ። በጣም አመመኝና ጮህሁባት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ከዓይኔ አልጠፋ ብሏል። ባለችበት ደርቃ ቀረች። እጇ እንደተነሣ አየር ላይ ቆመ። አገጯ ተንቀጠቀጠ። አፏ ተከፈተ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። ትንፋሿ እስኪመለስ ዓመት መሰለኝ። ከዚያ እሪ አለች። ያስደነገጥኳት እኔ ነኝ፣ ፊቷን የቀበረችው ደግሞ እዚያው እኔው አንገት ሥር ነው። አንጀቴን በላችው።

ጥያቄዬ ይህ ነው። በዚህ ዕድሜ ልጅን መገሠጽ ይቻላል ወይ? ከተቻለስ እንዴት? መምታት አልፈልግም። እንዳሻት ትሁን ብዬ መልቀቅም አልፈልግም።

(ከሦስት ሳምንት በኋላ የተጨመረ፦ ክሩ፣ ማለትም በዚህ መድረክ የተሰጡኝ መልሶች ሰንሰለት፣ ረዘመ። አዲስ የሚመጣ ወላጅ ሁሉንም ሲያነብ እንዳይደክም፣ የተባለውን በየቁጥሩ በራሴ አነጋገር አሳጥሬ ከዚህ በታች አስፍሬዋለሁ። የተሰማኝንም አልደበቅሁም።)

1ኛ መልስ። የሁለት ልጆች እናት ናት። መጀመሪያ አጽናናችኝ፣ ቀጥላ አረመችኝ። ልጄ እየመታችኝ እንዳልሆነ ነው የነገረችኝ። በዚህ ዕድሜ የሌላ ሰው ሕመም ገና በቅጡ አይገባትም። ፊቴ ለእሷ እንደ መብራት ማብሪያ ነው። ስትነካው አንድ ነገር ይሆናል። አንድ ቀን ይስቃል፣ ሌላ ቀን ይጮሃል። ስለዚህ ዛሬስ ምን ይሆን እያለች ደግማ ትነካዋለች። ምክሯ አጭር ነው። እጇ ፊቴ ላይ ሳያርፍ በቀስታ እንድይዘው፣ ሳልስቅም ሳልቆጣም አንድ አጭር ቃል እንድናገር፣ ከዚያ ያንኑ እጇን ይዤ ጉንጭ እንዴት እንደሚዳበስ እንዳሳያት። ከደገመች ደግሞ ከጭኔ አውርጄ ለጥቂት ሰከንድ ጨዋታውን እንዳቋርጥ።

2ኛ መልስ። አንድ አባት በአንዲት መስመር መነጽሬን እንዳወልቅ መከረኝ። አወለቅሁ። የችግሩ ግማሽ በዚያው ቀን ቀለለ።

3ኛ መልስ። እዚህ ላይ ነገሩ ከረረ። ትልልቅ ልጆች ያሉት ሰውዬ ነው። የዛሬ ወላጅ የልጁ አሽከር ሆኗል ባይ ነው። እሱ በቁንጥጫና በኩርኩም እንዳደገና ምንም እንዳልሆነ ጻፈ። አንዴ እጇን ቆንጠጥ ባደርጋት ሁለተኛ ፊቴን እንደማትነካ፣ እንዲህ እያባበልኩ ከቀጠልኩ ግን በአምስት ዓመቷ ቤቱን የምታስተዳድረው እሷ እንደምትሆን አስጠነቀቀኝ።

4ኛ መልስ። የሕፃናት ነርስ ናት። ለ3ኛው በትሕትና ነው የመለሰችው፣ ነገሩን ግን አላለሰለሰችም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የአቋም መግለጫ ወላጆች ልጆችን በፍጹም እንዳይመቱ መምከሩን ጠቀሰች። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የ50 ዓመት ጥናቶች ተሰብስበው ተገምግመው ነበር። ከ160,000 በላይ ልጆችን የሚመለከቱ ናቸው። በብዛት የተመቱት ልጆች ይበልጥ ተደባዳቢ፣ ይበልጥ እልኸኛና ለአእምሮ ጤና ችግር ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው ነው የተገኙት። ይህ ዝምድናን እንጂ መንስኤን ብቻውን እንደማያረጋግጥ እሷው ራሷ ጨመረች። ግን መምታቱ ልጁን ጨዋ አደረገው የሚያሰኝ ውጤት ከዚያ ክምር ውስጥ አልወጣም።

ከሁሉ በላይ የረዳኝ የመልሷ መጨረሻ ነው። ልጅ መነቅነቅ ከመምታትም የከፋ ነው አለች። የሕፃን ጭንቅላት ከሰውነቱ አንጻር ከባድ ነው፣ አንገቱ ደግሞ ገና አልጠናም። ሲነቀነቅ አንጎሉ ውስጥ ሊደማ ይችላል። ይህ ለዕድሜ ልክ ጉዳት፣ አልፎም ለሞት ይዳርጋል። ደሙ የፈላበት ወላጅ ልጁን አደጋ በሌለበት ቦታ፣ ለምሳሌ አልጋው ውስጥ አስቀምጦ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ለጥቂት ደቂቃ ዘወር ማለት ይችላል። ልጁ ቢያለቅስም ምንም አይሆንም። እኔ ይህን ሳነብ እፎይ አልኩ። ትቶ መውጣት ጭካኔ ይመስለኝ ነበር።

5ኛ መልስ። 3ኛው ሰውዬ ተመለሰ። ወረቀት ልጅ አያሳድግም ብሎ ነርሷን ሸነቆጣት። በሰው ቤት ማንም ሊገባ እንደማይችልም አከለ።

6ኛ መልስ። ለዚህኛው ነጥብ አንድ አንባቢ ስዊድንን ጠቀሰለት። እ.ኤ.አ. በ1979 ወላጅ ልጁን እንዳይመታ በሕግ በመከልከል ከዓለም የመጀመሪያዋ አገር ናት። ከዚያ ወዲህ ብዙ አገሮች ተከትለዋታል። ሰውዬው ለዚህ መልስ አልሰጠም።

7ኛ መልስ። ይህችን እናት ማን እንደሆነች ባውቅ በአካል አመሰግናት ነበር። እሷም በቁንጥጫ እንዳደገች ጻፈች። ብዙ ጊዜ ተቆንጥጣለች። ለምን እንደተቆነጠጠች ግን አንዱንም አታስታውስም። የምታስታውሰው የአባቷን የእግር ኮቴ ነው። ከኮቴው ድምፅ ዛሬ ተቆጥቷል ወይስ አልተቆጣም የሚለውን መለየት ችላ ነበር። ያንን ማወቅ የተማረችው ከፊደል በፊት ነው። ስለ 3ኛው ሰውዬ ምንም ክፉ ቃል አልጻፈችም። የአባቷን ኮቴ ብቻ ጽፋ ጨረሰች።

8ኛ መልስ። ነገሩን ወደ ቃላት የወሰደው አንድ አስተማሪ ነው። በቋንቋችን «አትንኪ» ስንል የምንጠላው ሥራ ስም እዚያው ቃል ውስጥ ተሸክሞ ይመጣል አለ። ሕፃኗ «ንኪ» የሚለውን ትሰማለች። «አትሩጪ» ሲባል «ሩጪ»ን፣ «አትወርውሪ» ሲባል «ወርውሪ»ን። ስለዚህ እንድታደርገው የምንፈልገውን ብቻ እንድንናገር ሐሳብ አቀረበ። በ«አትሩጪ» ፈንታ «ቀስ በይ»። በ«አትወርውሪ» ፈንታ «ስጪኝ»። በ«አትምቺ» ፈንታ «ዳብሺ»።

9ኛ መልስ። የልጆች ሥነ ልቦና የተማረች አንዲት ሴት ምክሩን ወደደችው፣ ምክንያቱን ግን አልተቀበለችም። ልጆቹ «አት»ን ይሰሙታል ነው የምትለው። መከልከላቸውንም ያውቃሉ። የሚያቅታቸው የጀመሩትን እጅ መመለሱ ነው። ይህን የሚሠራው የፊት ለፊቱ የአንጎል ክፍል ነው። እሱ ደግሞ በዝግታ ነው የሚበስለው። ጨርሶ የሚጠናው ሰው 20 ዓመት ካለፈው በኋላ፣ በ20ዎቹ አጋማሽ ነው። «ዳብሺ» የሚለው ቃል የሚሠራውም ለዚህ ነው። እጁን ባዶ ቦታ ላይ አቁሚ አይላትም፣ የሚሄድበትን ይሰጣታል።

ማስረጃዋ የገዛ ልጇ ነው። የ16 ወር ልጅ ሳለ ሶኬት መንካት ይወድ ነበር። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆማ አየችው። ሳያያት ወደ ሶኬቱ ዳዴ እያለ ሄደ። ፊት ለፊቱ ቁጭ አለ። ራሱን ግራና ቀኝ እየወዘወዘ፣ እሷ እንደምትከለክለው ራሱን እየከለከለ፣ ጣቱን ዘረጋ። ሕጉን ያውቀዋል። እጁ ግን አልታዘዘውም። በዚያ ቀን ሁሉንም ሶኬት በመሸፈኛ ደፈነች።

10ኛ መልስ። የእኔ ነው። ሳሎን ያለው የታችኛው መሳቢያ ላይ ልጄ ልክ ይህንኑ እንደምታደርግ ጻፍኩ። ራሷን እየነቀነቀች ትከፍተዋለች። እስከዚያ ቀን ድረስ እያላገጠችብኝ ነበር የሚመስለኝ። ይህን ሳስብ አሁንም ይቆጨኛል።

11ኛ መልስ። አንድ አባት ጥግ ላይ ማስቀመጥን አመጣ። ልጁን አምስት ደቂቃ ግድግዳ አስደግፎ እንደሚያስቀምጠውና ጸጥ እንደሚል ነገረን። ልጁ 15 ወሩ ነው።

12ኛ መልስ። ከነርሷ ነው፣ በዚህኛው ላይ ትንሽ ጠንከር አለች። ለብቻ ማስቀመጥ ልጁ ትእዛዝ ሲገባውና ምክንያቱን ሲይዝ፣ ማለትም ከሁለት ዓመት በኋላ የሚሞከር ነገር ነው። ያኔም በዕድሜው ልክ በዓመት አንድ ደቂቃ ይበቃል። የ15 ወር ልጅ አምስት ደቂቃ ሲቆይ ለምን እንደተቀመጠ ከረሳው ቆይቷል። ጸጥታው መማር አይደለም። አባትየው ተቀየመ። ምክር ሊሰጥ መጥቶ ተከሳሽ መሆኑን ጽፎ ወጣ። እውነቱን ለመናገር ነርሷ ልክ ነበረች፣ ግን ሰውዬው እንዲህ ተሰብሮ መሄዱ አሳዘነኝ።

13ኛ መልስ። አምስት ልጆች ያሳደጉ፣ አሁን የልጅ ልጅ የሚይዙ እናት ናቸው። ብዙ አልጻፉም። ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቁኝ። ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትመታህ? ብለው ነው ያፋጠጡኝ። አላውቅም ነበር። እሳቸው እንዳዘዙኝ አራት ቀን መዘገብኩ። 11 ጊዜ መታችኝ። ዘጠኙ የቀን እንቅልፏ በተቃረበበት ወይም ወደ ማታ መኝታዋ ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ነበር። ለካ ድካም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ያለ ልጅ የቀኑን ጨምሮ ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት አለበት ይላል። የልጄን ስደምረው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነበር። እኔ ሥራ ጨርሼ ከእሷ ጋር ለመጫወት ብዬ እስኪመሽ አቆያታለሁ። ልጄ ላይ ጥፋት ስፈልግ ጥፋቱ ያለው እኔ ባወጣሁት ሰዓት ላይ ነው።

እኚህን እናት በግል መልእክት ጽፌ አመስግኛቸዋለሁ። መኝታዋን አንድ ሰዓት አስቀደምኩ።

14ኛ እና 15ኛ መልስ። ከዚህ በኋላ ክሩ ትንሽ ሳተ። አንዲት እናት እሷ ስትከለክል ባሏ ከኋላ እየሳቀ እንደሚያበላሽባት አማረረች። ሌላዋ የእሷ ባል ጭራሽ ማታ ልጅ ሲያለቅስ እንደማይነቃ አከለች። 

16ኛ መልስ። አንድ ባል ተነሥቶ የሌሊቱን ፈረቃ ሁሉ እሱ እንደሚይዝ ጻፈና ወንድን በጅምላ መክሰስ ተገቢ እንዳልሆነ በቁጣ ተናገረ። ሴቶቹም አልማሩትም። ሰባት ስምንት አጫጭር መልሶች ስለ ዳይፐርና ስለ እንቅልፍ ተለዋወጡ፣ ቁጥራቸውን እዚህ ዘልያለሁ። ከዚያ ሁሉ ንትርክ አንድ ነገር ብቻ ወሰድኩ። ከባለቤቴ ጋር ተቀምጠን አንድ ቃል መረጥን። «ቀስ» የሚለውን። እሷም እኔም፣ ስንደክምም፣ ያንኑ።

25ኛ መልስ። የመድረኩ አስተባባሪ ወደ ጥያቄው እንድንመለስ ለመነን።

26ኛ መልስ። ሥነ ልቦና የተማረችዋ ሴት ተመልሳ መጣች፣ ማስጠንቀቂያ ይዛ። መሳቄንና መጮኼን ሳቆም ልጄ መጀመሪያ ይብስባታል እንጂ አይሻላትም አለች። ማብሪያው ሲበላሽ ሰው ደጋግሞ እንደሚጫነው ሁሉ ማለት ነው። ብዙ ወላጅ የሚሸነፈው በዚያ ሰሞን ነው። ያን ጊዜ ከተሸነፍኩ ልጅቱ የምትይዘው ትምህርት ጠንክሮ መምታት እንደሚያዋጣ ነው። ስለ እሪታውም ጨመረች። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት የትንንሽ ልጆችን ቁጣ ሲለካ ከአራቱ ሦስቱ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ያልቃሉ። በዚያ መሀል ማስተማር፣ ማስረዳት፣ መጠየቅ ከንቱ ነው። አጠገቧ ዝም ብሎ መቀመጥ ይበቃል።

ልክ ነበረች። አራተኛው ቀን በጣም ከበደ። መሬት ላይ ተንፈራፈረች፣ ጫማዋን ወረወረች፣ ላቅፋት ስል ገፋችኝ። ሰዓቴን እያየሁ አጠገቧ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። አራት ደቂቃ ከምናምን ነው። እኔ ግን ላብ አጥምቆኝ ነበር። ሲያበቃ ሳጓ ገና ሳይወርድላት እየዳኸች መጥታ ጉልበቴ ላይ ራሷን ጣለች።

27ኛ መልስ። የ3ኛው ሰውዬ እንደገና። ስለ ቁንጥጫ ሐሳቡን አልቀየረም። ግን ያለው ነገር ከልቤ ገባ። እሱን የሚያናድደው አለመምታታችን ሳይሆን ቃላችንን አለመጠበቃችን መሆኑን ገለጸ። ዛሬ የከለከልነውን ነገ ስለደከመን እንፈቅዳለን። እንግዳ ሲኖር ሌላ ሕግ፣ ስልክ ስንነካ ሌላ ሕግ። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። እኔ መጀመሪያ ቀን ስቄ በሦስተኛው ቀን የጮህኩት ያንኑ ጥፋት ነው።

28ኛ መልስ። አንዲት እናት እስካሁን ዝም ብላ ስታነብ እንደነበር ነገረችን። የሁለት ዓመት ልጇን ትመታው ነበር። ባለፈው ቀን ከመደርደሪያ ዕቃ ልታወርድ እጇን ስታነሣ ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ትከሻውን ሰበሰበ። ዘግይቶብኝ ይሆን ወይ ብላ ጠየቀች።

29ኛ መልስ። ነርሷ እንዳልዘገየ አረጋገጠችላት። ዛሬ ይጀመር፣ ይቅርታም ይጠየቅ፣ ደግሞም በተግባር ይደጋገም ነው ምክሯ። ልጅ የተቆጣ ወላጁ ተመልሶ ሲያቅፈው ደጋግሞ ማየት አለበት።

30ኛ መልስ። ወላጅ የሁለት ዓመት ልጅን ይቅርታ ይጠይቃል ወይ የሚል ሙግት ተነሣ። አንዱ ክብር ይጠፋል አለ። ሌላው ልጁ ይቅርታን ከየት ሊማር ኖሯል ብሎ አፋጠጠው። እኔ በዚህ ላይ ወገን አለኝ። የጮህኩባት ቀን ማታ፣ ልትተኛ ስትል፣ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ቃሉ አልገባት ይሆናል። ድምፄን ግን ለየችው፣ እጇን አንሥታ አገጬን ያዘችኝ።

31ኛ መልስ። የእኔ ነው፣ የደረስንበትን ለመንገር። 19 ቀን ሆነን። መምታቷ አልቆመም፣ ግን በቀን አንዴ ወይም ጭራሽ ነው። ትናንት እጇን አነሣች። ዓይኔን አየችው። ገና ምንም ሳልናገር እጇ አየር ላይ ቆመ። እንደዚያን ቀን፣ እንደጮህኩባት ቀን ነው የቆመው። ልቤ ስንጥቅ አለ። አገጯ ግን አልተንቀጠቀጠም። ራሷ «ቀፍ» አለች። ስ ገና አልሆነላትም። ከዚያ መዳፏን አወረደችና ጉንጬ ላይ አሳረፈችው። ጺሜ ወግቷት ሳቀች።

32ኛ መልስ። አዲስ የመጣች እናት ናት። የ14 ወር ልጇ ጡት ሲጠባ ይነክሳታል፣ ስትጮህ ይስቃል። ምን ላድርግ ብላ ጠይቃለች።

33ኛ መልስ። የእኔ። ከዚህ ክር የተማርኩትን ነው የነገርኳት። መጀመሪያ ድዱን እንድታይ፣ ጥርስ እያበቀለ ከሆነ ከመጥባቱ በፊት የሚያኝከው ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ እንድትሰጠው። ሲነክስ ሳትጮህ ጣቷን በአፉ ጥግ አስገብታ እንድታላቅቀውና ለጥቂት ጊዜ እንድታቆም። ስንት ሰዓት ላይ እንደሚነክስ ደግሞ አራት ቀን እንድትመዘግብ። ጡት የማጥባት ልምድ ያላችሁ እናቶች የተሳሳትኩትን አርሙልኝ፣ እናትየዋ እየጠበቀች ነው።